የዛቢክስ ሰርቨሬ ሞላ፤ አዲስ እናስገዛ?

ጥያቄ፦ «ጎንደር ውስጥ በአንድ ተቋም የኔትወርክ ክፍል እሠራለሁ። ስዊቾቻችንን፣ አክሰስ ፖይንቶቻችንንና ሰርቨሮቻችንን የሚከታተል ዛቢክስ ኡቡንቱ ላይ ጭኜ በቪኤምዌር ላይ አስነሥቻለሁ። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል 8 ነው፤ ሁሉም አንድ ማሽን ላይ ነው ያለው። 8 ጊጋ ሜሞሪና 100 ጊጋ ዲስክ ሰጥቼዋለሁ። በ3 ሳምንት ውስጥ ዲስኩ 96 በመቶ ሞላ። የቆየ ዳታ ባጠፋም ቦታው አልተመለሰም። ዲስኩን ከቪኤምዌር በኩል ላሳድግ ስል መጠኑን የሚጽፉበት ሳጥን ደብዝዞ አይነካም። ሜሞሪውም 97 በመቶ ላይ ነው። እሑድ እሑድ ሪስታርት ሳደርገው ይቀልለታል፤ ዓርብ ላይ መልሶ ይጨናነቃል። አንድ ሌሊት እንዲያውም ማይኤስኪውኤሉ ቆሞ አደረ። ስናፕሾት ስላለኝ ለዳታው አልሰጋም። ሜሞሪውን ወደ 32 ጊጋ ላሳድገው ወይስ አዲስ ሰርቨር እናስገዛ?»

አዲስ ሰርቨር አያስገዙ። ሜሞሪም አይጨምሩ። ከጥያቄው ጋር ከላኳቸው ፎቶዎች እንደማየው ማሽኑ አቅም አላነሰውም። ከተሰጠው ዲስክ ግማሹን ገና አልነካውም። ሜሞሪው ደግሞ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ከልክ በላይ ተሰጥቷል። ከሁሉም የሚብሰው ግን ሌላ ነው። የሚሰበሰበው መረጃና የሚቆይበት ቀን ከዲስኩ መጠን ጋር ተሰልቶ አልተወሰነም። ይህ ካልተሰላ 100 ጊጋውን በሙሉ ቢሰጡት እንኳ አንድ ቀን ይሞላዋል።

ከሜሞሪው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ማክሰኞ ዕለት ያነሡት የ«ፍሪ» ትዕዛዝ ውጤት እንዲህ ይላል፦ ጠቅላላ 7.8 ጊጋ፣ በሥራ ላይ ያለ 5.1፣ ባዶ 0.2፣ በፈርና ካሽ 2.5፣ አቬይለብል 2.4። እርስዎ 97 በመቶ ያሉት «ባዶ» የሚለውን 0.2 አይተው ነው። ሊኑክስ ግን ሜሞሪ ባዶውን እንዲቀመጥ አይፈልግም። ከዲስክ ያነበበውን ፋይል «ደግሞ ይፈለግ ይሆናል» ብሎ ሜሞሪ ውስጥ ያቆየዋል። ካሽ የሚባለው ይኸው ነው። ሌላ ፕሮግራም ቦታ ሲጠይቅ አብዛኛውን ወዲያው ይለቅለታል። ስለዚህ መታየት ያለበት የመጨረሻው ዓምድ ነው፤ አቬይለብል የሚለው። ማክሰኞ ዕለት ለአዲስ ሥራ ሊሰጥ የሚችል 2.4 ጊጋ ነበረዎት። ከጠቅላላው ሲሶ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ከቪኤምዌር በኩል ሲታይ ደግሞ 8ቱም ጊጋ የተያዘ ይመስላል። ይህም አያስደንግጥዎት። ቪኤምዌር በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ማሽኖችን የሚያስነሣ ሶፍትዌር ነው፤ ማሽኑን የሚያየው ከውጭ ነው። ኡቡንቱ አንድ ጊዜ የነካውን የሜሞሪ ገጽ ሁሉ «ተወስዷል» ብሎ ይይዘዋል። ኡቡንቱ በኋላ ቢተወውም ከውጭ ያለው አያውቅም። ቤቱን ያከራየ ሰው ተከራዩ የትኛውን ክፍል ዘግቶ እንደተወው ከደጅ ሆኖ አያውቅም፤ ነገሩ እንደዚያ ነው። እዚያ ገጽ ላይ «ኮንሲዩምድ» የሚለውን ትተው «አክቲቭ» የሚለውን ይመልከቱ። እሱም ቢሆን ግምት ነው። ሜሞሪ ይበቃል አይበቃም የሚለውን ለመወሰን ከማሽኑ ውስጥ ያለውን አቬይለብል ይመኑ።

እስካሁን ያልኩት ሜሞሪው ችግር የለበትም የሚል ይመስላል። አለበት። ግን እርስዎ ያሰቡት አይደለም። ሁለተኛው ፎቶ ላይ የማይኤስኪውኤል ማስተካከያ ፋይል ይታያል። የኢኖዲቢ (የማይኤስኪውኤል ዳታ ማከማቻ ክፍል) በፈር ፑል፣ ማለትም ዳታ የሚያቆይበት ሜሞሪ፣ 6 ጊጋ ተብሏል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። «ከሜሞሪው ከ70 እስከ 80 በመቶውን ለበፈር ፑል ስጥ» የሚል ምክር በየቦታው አለ። ምክሩ ልክ ነው፤ ግን ዳታቤዙ ብቻውን ለሚኖርበት ማሽን የተነገረ ነው። እርስዎ ጋ በዚያው 8 ጊጋ ላይ የዛቢክስ ሰርቨሩ፣ የዌብ ገጹና ኡቡንቱ ራሱ አብረው ይኖራሉ። ማይኤስኪውኤልም ከበፈር ፑሉ ውጭ ለየግንኙነቱ የሚወስደው አለው።

የእሑዱ ሪስታርት ለምን እንደሚያቀልለት አሁን ይገባዎታል። በፈር ፑል በአንድ ጊዜ አይሞላም። ዳታቤዙ ባነበበና በጻፈ ቁጥር ቀስ እያለ ይሞላል። እሑድ አብዛኛው ባዶ ሆኖ ይጀምራል፤ ማክሰኞ ግማሹን ያልፋል፤ ዓርብ ላይ 6 ጊጋው ይደርሳል። ያኔ ለሌላው የሚተርፍ የለም። ሜሞሪ ጨርሶ ሲያልቅ የሊኑክስ ከርነል ሁሉንም ከማጣት አንዱን መግደል ይመርጣል። ብዙ ጊዜ የሚመርጠውም ትልቁን ነው፤ ማለትም ማይኤስኪውኤልን። ዳታቤዙ ቆሞ ያደረበት ሌሊት ይህ የሆነ ይመስለኛል። ለማረጋገጥ የዚያን ሌሊት የከርነል ሎግ ይክፈቱና «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል መስመር ይፈልጉ። የተገደለው ፕሮሰስ ስም እዚያው አለ።

በፈር ፑሉን ወደ 4 ጊጋ ያውርዱት። ማይኤስኪውኤልን አንድ ጊዜ ሪስታርት ያድርጉ፤ ከዚያ የእሑዱን ልማድ ይተዉት። ሳምንታዊ ሪስታርት ጉዳት የለውም ብለው እንዳያስቡ። ግራፉ ላይ ክፍተት ይተዋል። የሞቀውን ካሽ ያጠፋና ዲስኩን ያስጨንቃል። ከሁሉም የከፋው በሽታውን ይደብቃል። ዛቢክስ የራሱ ትናንሽ ካሾችም አሉት። ሲጠብቡ ራሱ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ካላወጣ አይንኳቸው። እርግጠኛ ለመሆን አንድ ሳምንት ሙሉ በ«ቪኤምስታት» ትዕዛዝ ይከታተሉት። ወደ ስዋፕ (ሜሞሪ ሲጠብ በምትኩ የሚያገለግል የዲስክ ቦታ) የሚገባውና የሚወጣው ሁለቱም ዓምዶች አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ ከሆኑ 8 ጊጋው በቅቶታል።

ወደ 32 ጊጋ ቢያሳድጉት ምን ክፋት አለው? አንደኛ፣ ቪኤምዌር ለእያንዳንዱ ማሽን ሲነሣ በሜሞሪው ልክ የስዋፕ ፋይል ዳታስቶር (የማሽኖቹ ፋይሎች የሚቀመጡበት ዲስክ) ላይ ይፈጥራል። የሚቀንሰው ሪዘርቬሽን የተደረገለትን፣ ማለትም ለእሱ ብቻ የተያዘለትን ሜሞሪ ያህል ብቻ ነው። ከ8 ወደ 32 ሲወጡ ዳታስቶርዎ በዚያች ቅጽበት 24 ጊጋ ያጣል። ዲስክ ቸገረኝ ብለው ጠይቀው መልሰው ዲስክ ሊያጡ ነው። ሁለተኛ፣ ሆስቱ (ቪኤምዌር የተጫነበት እውነተኛው ኮምፒውተር) ላይ ያሉት ማሽኖች የሚጠቀሙት ድምር ከእውነተኛው ሜሞሪ ከበለጠ ቪኤምዌር ባሉን በሚባለው ዘዴ ከየማሽኑ ሜሞሪ መልሶ መጭመቅ ይጀምራል። ያኔ ዳታቤዝ የያዘ ማሽን ክፉኛ ይጎዳል። ለዚህ ማሽን የሚጠቅመው ያለችውን 8 ጊጋ ማስከበር ነው። ሆስቱ የሚችል ከሆነ 8ቱንም ሪዘርቭ ያድርጉለት።

ወደ ዲስኩ ስንመጣ፣ መጀመሪያ የ«ዲኤፍ»ን (የዲስክ ቦታ የሚያሳየውን ትዕዛዝ) ውጤት እንደገና ይዩት። ዋናው ፋይል ሲስተም መጠኑ 49 ጊጋ ነው የሚለው። 100 አይደለም። 96 በመቶ የሞላው እሱ 49ኙ ነው። የኡቡንቱ ሰርቨር መጫኛ ዲስኩን በኤልቪኤም (ቦታን ከፋፍሎ በኋላ ለማስፋት በሚያስችል ዘዴ) ሲያደራጅ፣ የዲስኩ መጠን ከ20 እስከ 200 ጊጋ ከሆነ ለዋናው ፋይል ሲስተም ግማሹን ብቻ ይሰጣል። ሌላውን ለኋላ ብሎ ሳይመድብ ይተወዋል። ሲጭኑ በችኮላ «ቀጥል፣ ቀጥል» ብለው ካለፉ አይታይም። «ቪጂኤስ» (vgs) ብለው ይጻፉ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ወደ 49 ጊጋ የሚጠጋ ያልተነካ ቦታ ያገኛሉ።

ይህን ቦታ ለመውሰድ ቪኤምዌር ውስጥ ምንም መንካት አያስፈልግም። ማሽኑንም አያጠፉም። «ኤልቪኤክስቴንድ» የሚለው ትዕዛዝ ፋይል ሲስተሙንም አብሮ የሚያሰፋ አማራጭ አለው፤ ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቃል። ግን ሁሉንም አይስጡት። 20 ጊጋ ብቻ ይስጡት። ማስፋት በማንኛውም ሰዓት ይቻላል፤ ማጥበብ ግን ማሽኑን አጥፍቶ፣ ልብ አንጠልጥሎ የሚሠራ ሥራ ነው። የቀረው 29 ጊጋ ለክፉ ቀን ይቀመጥ።

ይህ መተንፈሻ እንጂ መፍትሔ አይደለም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በላኩት ፎቶ ላይ ዛቢክሱ 12,000 አይተም (በየጊዜው የሚጠየቅ ነገር) አለው። በሰከንድ 200 አዲስ እሴት ይቀበላል። ማለት እያንዳንዱ አይተም በየ60 ሰከንዱ ይጠየቃል። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ነው። ስለዚህ በቀን 17,280,000 መስመር ይጻፋል። ለአንድ ቁጥር ወደ 90 ባይት ይያዝ፤ የዛቢክስ መመሪያም ለግምት የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። በቀን 1.55 ጊጋ ይሆናል። እርስዎ ሂስትሪው (እንደመጣ የሚቀመጠው ዝርዝር መረጃ) 90 ቀን እንዲቆይ አድርገዋል። 90 ቀን ሲባዛ በ1.55 ወደ 140 ጊጋ ነው። ዲስክዎ ግን በሙሉ ቢሰጠው እንኳ 100 ነው። ይህ ሰርቨር ገና ሲነሣ በሒሳብ ሞልቷል። አሮጌ ዳታ እንዲያጠፋ የተቀመጠው ሀውስኪፐርም በየሰዓቱ ነቅቶ ያያል፤ 90 ቀን የሞላው ስለሌለ ምንም ሳይነካ መልሶ ይተኛል።

ሌላም በላተኛ አለ፤ ፎቶው ላይ ስለማይታይ ብዙ ሰው አያስበውም። ማይኤስኪውኤል 8 ባይነሪ ሎግ የሚባለውን ሳይጠየቅ ያበራዋል። ዳታቤዙ ላይ የተጻፈውን ለውጥ ሁሉ ለሁለተኛ ጊዜ በሌላ ፋይል ይመዘግባል፤ ካልነኩትም 30 ቀን ያቆየዋል። የእርስዎ ሰርቨር ዕድሜው ገና 3 ሳምንት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጻፈው ሎግ አንድም ሳይጠፋ ተቀምጧል። እያጠፉ ሳለ ዲስኩ ያልቀለለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ያጠፉትም ራሱ እዚያ ይመዘገባል።

ይህ ሎግ የሚያስፈልገው ዳታቤዙን የሚከተል ሁለተኛ ዳታቤዝ ላለው ወይም ዳታውን ወደ መረጠው ደቂቃ መልሶ ማምጣት ለሚፈልግ ነው። የእርስዎ ከሁለቱም አይደለም። ይዝጉት። ያሉትን ፋይሎች ግን በእጅ ከፎልደሩ እንዳያጠፉ፤ ማይኤስኪውኤል የሚያውቃቸው በማውጫ ፋይል ነው፤ ሲነሣ ካላገኛቸው ይታወካል። ሎጉን ከመዝጋትዎ በፊት ዳታቤዙ ውስጥ ገብተው በራሱ የማጽጃ ትዕዛዝ «እስከዚህ ቀን ያለውን አስወግድ» ይበሉት። ከዚህ ብቻ ብዙ ጊጋ በአንድ ጊዜ ሲመለስ ያያሉ።

«ዳታ ባጠፋ ቦታው አልተመለሰም» ያሉት የኢኖዲቢ ጠባይ ነው፤ ብልሽት አይደለም። መስመር ሲጠፋ በፋይሉ ውስጥ ያለው ቦታ ለሚቀጥለው ዳታ ክፍት ይሆናል። ፋይሉ ግን አይቀንስም። በእርሳስ የተጻፈ ደብተር በላጲስ ቢያጠፉት ገጹ ነጭ ይሆናል እንጂ ደብተሩ አይቀጥንም። ስለዚህ ድካምዎ በከንቱ አልቀረም፤ የሚመጣው ዳታ መጀመሪያ ያንን ክፍት ቦታ ይሞላል። ፋይሉን በእውነት ለማሳጠር ሠንጠረዡን እንደ አዲስ የሚጽፍ «ኦፕቲማይዝ» የሚባል ትዕዛዝ አለ። እባክዎ ዛሬ እንዳይነኩት። አዲሱን ቅጂ ጽፎ እስኪጨርስ አሮጌውን አያጠፋም። የ20 ጊጋ ሠንጠረዥ ከሆነ ሌላ ወደ 20 ጊጋ የሚጠጋ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። 96 በመቶ በሞላ ዲስክ ላይ ቢያስነሡት የቀረችውን 4 በመቶ እሱ ራሱ ይጨርሳታል።

ዘላቂው መንገድ የሂስትሪና የትሬንድ (የየሰዓቱ ማጠቃለያ) ሠንጠረዦችን በቀን በቀን መከፋፈል ነው፤ ፓርቲሽን ማድረግ። ያኔ አሮጌ ቀን የሚወገደው መስመር በመስመር ሳይሆን ሙሉው ክፍል በአንድ ጊዜ ነው። በሰከንዶች ያልቃል፤ ቦታውም በእውነት ወደ ዲስኩ ይመለሳል። ለነዚህ ሠንጠረዦች ሀውስኪፐሩን ያጠፉታል። አንድ ከባድ ጥንቃቄ አለው። የነገ፣ የከነገ ወዲያ ክፍል አስቀድሞ መፈጠር አለበት። የሚፈጥረው ስክሪፕት ከቆመ፣ ክፍሉ ባለቀ ማግስት ዳታቤዙ አዲስ መረጃ አልቀበልም ይላል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሁለት ሳምንት ክፍል ወደፊት ይኑርዎት። ስክሪፕቱ በየቀኑ መሥራቱንም ዛቢክሱ ራሱ ይከታተለው።

ሠንጠረዡን ከመከፋፈልዎ በፊት ግን ምን እንደሚሰበስቡ ይዩ። ትልቁ ትርፍ ያለው እዚህ ነው። አንድ ባለ 24 ፖርት ስዊች እንውሰድ። የኔትወርክ ቴምፕሌቱ (ምን እንደሚጠየቅ የሚወስነው ዝግጁ ዝርዝር) ለእያንዳንዱ ፖርት 9 ያህል ነገር ይጠይቃል። ገቢና ወጪ ትራፊክ፣ ገቢና ወጪ ስሕተት፣ ገቢና ወጪ የተጣለ ፓኬት፣ ፍጥነት፣ የፖርቱ ሁኔታ፣ ዓይነቱ። 24 ሲባዛ በ9፣ 216። ከአንድ ስዊች ብቻ! አሁን አንዱን ፖርት ቀርበው ይዩት። ቁጥር 17 እንበል። ኬብል ተሰክቶበት አያውቅም። እርስዎ ግን በየደቂቃው «ፍጥነትህ ስንት ነው? ዓይነትህ ምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቁታል። በየደቂቃው ያንኑ መልስ ይሰጣል። ያንኑ መልስ በየደቂቃው ዲስክ ላይ ይጽፉታል፤ 90 ቀንም ያስቀምጡታል።

ይህ ሁሉ በየደቂቃው እንዲጠየቅ ቴምፕሌቱ አላዘዘም፤ የኋላ ሰው ነው የቀየረው። ትራፊኩን ወደ 3 ደቂቃ ይመልሱት። ፍጥነትና ዓይነት የመሳሰሉትን «ካልተለወጠ አታስቀምጥ» በሚለው ቅድመ ዝግጅት ያሳልፏቸው፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፉ። የፖርት ሁኔታ በየደቂቃው ቢጠየቅ አልቃወምም፤ ሰው የሚጠራዎት እሱ ሲወድቅ ነውና። እሱንም ግን በዚሁ መንገድ አሳልፈው ሲለወጥ ብቻ ያስቀምጡት። ለሰው ጠረጴዛ የተዘረጉትን ፖርቶች ከናካቴው ማውጣት ይችላሉ። የላይኛውን መገናኛ፣ የሰርቨሮችንና የአክሰስ ፖይንቶችን ፖርት ብቻ ይከታተሉ። ከሎግና ከኤስኤንኤምፒ ትራፕ (መሣሪያዎቹ ራሳቸው ከሚልኩት ማሳወቂያ) የሚመጣ ጽሑፍ ካለም ቀኑን ያሳጥሩ፤ ጽሑፍ ከቁጥር እጅግ ይበልጣል።

አንድም ፖርት ሳያወጡ፣ የመጠየቂያ ጊዜውን ብቻ በአማካይ ወደ 3 ደቂቃ ቢያራርቁት በሰከንድ 200 የነበረው ወደ 67 ይወርዳል። በቀን ወደ ግማሽ ጊጋ ነው። ሂስትሪውን 30 ቀን ያድርጉት፤ 16 ጊጋ ያህል ይሆናል። ትሬንድ የሚባለው ደግሞ የየሰዓቱን ትንሹን፣ ትልቁንና አማካዩን ብቻ ይይዛል። ለ12,000 አይተም የአንድ ዓመት ትሬንድ 9.5 ጊጋ ገደማ ነው። ድምሩ 26 ጊጋ አይሞላም። ዛሬ 49 ጊጋ ጠበበኝ ያለው ማሽን የዓመት መረጃ ይዞ ይተነፍሳል።

«የድሮውን ዳታ ባጣውስ?» የሚል ስጋት እንደሚኖር አውቃለሁ። አለቃም ይጠይቃል። ግን ሦስት ወር ያለፈውን የአንድ ደቂቃ ትራፊክ የሚፈልግ ማን ነው? የሚፈለገው ዐቢይ ንጽጽር ነው። ለምሳሌ ጥር ላይ ጎንደር በጥምቀት እንግዳ ትሞላለች። ተቋምዎ እንግዳ የሚቀበል ከሆነ ዋይፋይዎ ያን ሳምንት እንደ ሌላው ሳምንት አይሆንም። የዘንድሮውን ጥር 11 ከአምናው ጋር አወዳድሮ «መስመሩ ይደግልን» ለማለት የሰዓት አማካይና የሰዓት ጣሪያ በቂ ነው። እሱን ደግሞ ትሬንዱ ይይዝልዎታል። ትሬንዱን ከአንድ ዓመት አያሳጥሩት። እንዲያውም ወደ 400 ቀን ይግፉት፤ ያለዚያ የዘንድሮው በዓል ሲደርስ የአምናው መጥፋት ይጀምራል።

ስናፕሾቱ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው። ስናፕሾት ባክአፕ አይደለም። ሲወስዱት ቪኤምዌር ዋናውን የዲስክ ፋይል ያቆመውና ከዚያ በኋላ የሚጻፈውን ሁሉ በጎን በሌላ ፋይል ይጽፋል። ሁለቱም አንድ ዳታስቶር ላይ ናቸው። ዲስኩ ቢበላሽ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። የጎኑ ፋይል ደግሞ ያድጋል፤ እስከ ዋናው ዲስክ መጠን ሊደርስ ይችላል። በሰከንድ 200 እሴት የሚጽፍ ዳታቤዝ ደግሞ ፈጥኖ ያሳድገዋል። ቪኤምዌር ራሱ አንድን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ እንዳታቆዩ ይላል። ዲስኩን ለማሳደግ ሲሞክሩ ሳጥኑ የደበዘዘውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ስናፕሾት ባለበት መጠኑ አይለወጥም።

በአንድ ወቅት በሠራሁበት ቦታ ለማሻሻያ ተብሎ የተወሰደ ስናፕሾት ለወራት ተረሳ። አንድ ጠዋት ዳታስቶሩ ሞላ። የቆመው ያ ማሽን ብቻ አልነበረም። እዚያው ዳታስቶር ላይ የተቀመጡ፣ ለመጻፍ አዲስ ቦታ የፈለጉ ማሽኖች አብረው ቆሙ። ሥራ የገባው ሰው ኢሜይል የለ፣ ፋይል የለ። ያን ጠዋት አልረሳውም። እርስዎ ጋ እንዲደርስ አልፈልግም።

ስናፕሾቱን ያጥፉት። «ላጥፋው» ማለት ዛሬ ያለውን ዳታ ማጥፋት አይደለም። በጎን የተጻፈውን ከዋናው ጋር ማዋሐድ ነው። አደገኛው አዝራር ሌላው ነው፤ «ሪቨርት» የሚለው። እሱን ከነኩ ስናፕሾቱ ወደተወሰደበት ቀን ተመልሰው የመጣውን ሁሉ ያጣሉ። ከማጥፋትዎ በፊት ዳታስቶሩ ላይ ትርፍ ቦታ መኖሩን ያረጋግጡ። ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ይጀምሩት። ብዙ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ፐርሰንቱ አንድ ቦታ ቆሞ ቢቆይ አያቋርጡት፤ ማሽኑንም አያጥፉ።

በስናፕሾቱ ፋንታ እውነተኛ ባክአፕ ይኑርዎት። ትልቁን ሂስትሪና ትሬንድ ይተዉት፤ ባዶ የሠንጠረዥ ቅርጻቸውን ብቻ ይያዙ። የቀረው፣ ማለትም መሣሪያዎቹ፣ ቴምፕሌቶቹ፣ ተጠቃሚዎቹና ማንቂያዎቹ፣ ሲጨመቅ ትንሽ ነው። በየሌሊቱ ይወሰድ። ከዚያው ሆስት ውጭም ይቀመጥ። ሰርቨሩ ማራኪ ካለ ቅጂው አዘዞ ወይም ፒያሳ ያለ ሌላ ማሽን ላይ ይሁን። በወር አንድ ጊዜ ሌላ ባዶ ማሽን ላይ መልሰው ያስነሡት። ተነሥቶ ያልታየ ባክአፕ ባክአፕ ነው ብዬ አልቆጥረውም።

ስለ መብራትም አንድ ነገር ልበል። መብራት ሄዶ ዩፒኤሱ ሲያልቅ ሆስቱ ዝም ብሎ ከሞተ ኢኖዲቢ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ያድናል፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ዲስኩ ሞልቶ መብራት ከሄደ ደግሞ ሲነሣ የሚጽፍበት ስለሚያጣ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። ዩፒኤሱ ባትሪው ሲወርድ ሆስቱን «ጥፋ» ብሎ እንዲያዝዝ ያገናኙት፤ ሆስቱም ማሽኖቹን በሥርዓት አጥፍቶ ራሱ ይጥፋ።

አዲስ ዕቃ የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አልልም። ይህን ሁሉ ጨርሰው በሰከንድ የሚገባው እሴት ብዙ መቶ ከዘለለ፣ ወይም ዛቢክሱ «መረጃ ወደ ዳታቤዝ ማስገባት አልደረስኩም» እያለ ካሹ እየሞላ ከሄደ፣ ያኔ ይግዙ። ያኔም የሚገዙት መጀመሪያ ኤስኤስዲ ነው፤ ሜሞሪ ቀጥሎ ነው። ከዚያ ዳታቤዙን ለብቻው ማሽን ያውጡት። ፖስትግሬስ የተባለውን ሌላ ዳታቤዝ ከታይምስኬል ተጨማሪው ጋር የሚጠቀሙም አሉ፤ አሮጌ ዳታን ጨምቆ ስለሚያስቀምጥ ጥሩ ነው። ግን በሞላ ዲስክ ላይ ሆነው ዳታቤዝ መቀየር አይጀምሩ።

ቅደም ተከተሉን እንዳያዛቡ። ዛሬ ባክአፑን ይውሰዱና ከማሽኑ ያውጡት። ቀጥለው ባይነሪ ሎጉን አጽድተው ይዝጉት፤ በዚያው ሪስታርት በፈር ፑሉን ወደ 4 ጊጋ ያውርዱ። ማታ ስናፕሾቱን ያጥፉ። ስናፕሾቱ ሳይጠፋ ትልቅ ሥራ ከጀመሩ የሚጽፉት ሁሉ በጎኑ ፋይል ላይ ነው የሚከመረው። ጠዋት 20 ጊጋውን ያስፉ። በሚቀጥሉት ቀናት የመጠየቂያ ጊዜውን ያራርቁ፤ የማቆያ ቀኑን ይቀንሱ። ፓርቲሽኑን የመጨረሻ ያድርጉት፤ በሙከራ ማሽን ላይ አንድ ጊዜ ከሠሩት በኋላ።

ከዚያ ዛቢክሱ ራሱን እንዲጠብቅ ያድርጉ። የዲስክ ማንቂያውን 80 በመቶ ላይ ያስሩት። «በዚህ አካሄድ ዲስኩ ለመሙላት ስንት ጊዜ ቀረው» ብሎ የሚገምት ተግባርም አለው፤ ከሁለት ሳምንት ሲያንስ ይጩህ። ለሜሞሪው ማንቂያ «ባዶ» በሚለው ሳይሆን በአቬይለብል ላይ ይሁን። የዳታስቶሩን ቦታ ግን ከማሽኑ ውስጥ ሆኖ ማየት አይቻልም፤ ከቪኤምዌር በኩል ለብቻው ያስከታተሉት። ማንቂያውን 95 በመቶ ላይ ማሰር አይጠቅምም። ዳታቤዙ የሚጽፍበት ካጣ ዛቢክሱ መልእክትም መላክ አይችልም፤ ስልክዎ ዝም ሲል ሁሉም ሰላም ነው ብለው ያድራሉ።